ዘነበች፣ ደመናውና እምቢተኛው የድርቆሽ ማሽን

እምቢ ለማለት የማን ፈቃድ ይጠየቃል?

ዘነበች ይህን ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምራ ይዛው ትዞራለች። ዓለም ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ እምቢ ሲል ታያለች። በቅሎ እምቢ ትላለች። እርጥብ እንጨት እምቢ ይላል። ያበጠ በር እምቢ ይላል። እሷ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር የሚወጣው «እሺ» ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብዙ መጻሕፍት አነበበች፤ መልሱን የጻፈ አላገኘችም። ተመርቃ ወደ አገሯ ስትመለስም ጥያቄዋን እንደያዘች ተመለሰች።

እናም ተረት ተረት፣ ባዶ ነው በረት።

ባዶው በረት የአክስቷ የእትዬ አጸደ ነው። ባዶ መባሉ ከብት ጠፍቶበት አይደለም፤ ዳለቻ የምትባል ላም አለችበት፣ በቅርቡ የተወለደ እንቦሳም አለበት። የጠፋው ድርቆሹ ነው። ድርቆሹ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በየመስመሩ ተገላብጦ ሜዳ ላይ ተኝቷል።

ወደ ሜዳው ከመውረዳችን በፊት ስለ ልጅቷ ስም አንድ ነገር እንወቅ። የተወለደችው በኅዳር ነው። የተወለደች ዕለት ማንም ያልጠራው ዝናብ መጣ፤ የመንደሩን ድርቆሽ ሁሉ አበሰበሰው። ድርቆሹ ሻገተ፣ ልጅቷ ዘነበች ተባለች። ከዚያ ወዲህ ማጭድ ሜዳ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ክምሩ እስኪከደን ድረስ በስሟ የሚጠራት የለም። «ሰማይ ጆሮ አለው» ይላሉ። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉም «ፀሐይ» ይላታል። ክምሩ ተከድኖ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሳ ዘነበች ትሆናለች። ስሟ ሲነሳባትም ሲመለስላትም የጠየቃት ሰው የለም። እሷም ፀሐይ ሲሏት «አቤት»፣ ዘነበች ሲሏት «አቤት» ስትል አደገች።

ዘነበች ተመርቃ በተመለሰችበት ዓመት የመንደሩ የወተት ማኅበር አዲስ ማሽን አመጣ። ትራክተር ይጎትተዋል። የታጨደውን ከመሬት እያፈሰ ይውጣል፣ ይጨምቃል፣ በሲባጎ ያስራል፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን አድርጎ ከኋላው ይጥላል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ከሾፌሩ ወንበር ፊት የተገጠመ አንድ ስክሪን ነው። ባለሙያ ከከተማ መጥቶ ለአባላቱ ሲያስረዳ ዘነበች ከሁሉ ኋላ ቆማ ነበር። ከሁሉ ቀድሞም አነዳዱም የስክሪኑም ነገር የገባው ለእሷ ነበር። ግን ማን ጠይቋት ትናገር?

አንድ የኅዳር ጠዋት እንቦሳው እንቧ አለ።

«ምን ፈለግህ?» አለችው ዘነበች።

«ወተት!» አለ እንቦሳው።

ትንሽ ነገር ነው የጠየቀው። ግን ጉልበቱ ከድቶት ጭኖቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አፍንጫው ደርቋል። እትዬ አጸደ ጎንበስ ብለው ጆሮውን ዳሰሱ።

«ቀዝቅዟል» አሉ። «ፀሐይዬ፣ ይሄ ዛሬ ካልጠባ ነገን አያይም።»

ዘነበች ወደ ላሚቱ ዞረች። «ዳለቻ፣ እባክሽ ለልጅሽ ወተት ስጪው።»

«አልሰጥም!» አለች ዳለቻ። «ከየት አምጥቼ? የግድግዳ ምርጊት ስልስ አይደል የሰነበትኩት? ጭቃ የበላች ላም ጭቃ ታልባለች። መጀመሪያ ድርቆሽ ይምጣ!»

ላሚቱ ወተት አልሰጥም አለች፤ እንቦሳውም እንቧ አለ።

ዘነበች ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ሜዳው ወረደች። ድርቆሹ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተንጋሏል።

«ድርቆሽ ሆይ፣ ተነሥና በረት ግባ። ላሚቱ ወተት አልሰጥም ብላለች፤ እንቦሳውም እንቧ ይላል።»

«አልነሣም!» አለ ድርቆሹ። «ትናንት በእቅፍ ሊወስዱኝ ሞክረው አላየሽም? ግማሼን ነፋስ ወሰደው፣ ግማሼን እሾህ ቀማ። እንዲህ ተበትኜ፣ ጸጉሬ ተንጨባርሮ ሰው ቤት አልገባም። በወጉ ልታሰር፣ በወጉ ልሂድ!»

ድርቆሹ በረት አልገባም አለ፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም አለች፤ እንቦሳውም እንቧ አለ።

ከሜዳው መሃል ማሽኑ ቆሟል። በጎኑ ባለው ሣጥን ውስጥ ሲባጎው ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ እንደ አኮረፈ ሰው።

«ሲባጎ ሆይ፣ ድርቆሹን እሰርልኝ። ድርቆሹ በረት አልገባም ብሏል፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም ብላለች፤ እንቦሳውም እንቧ ይላል።»

«አላስርም!» አለ ሲባጎው። «ዛሬ ጠዋት ያለ ልክ ጎትተው በጠሱኝ፤ ይቅርታ እንኳን የጠየቀኝ የለም። አሁንም ጫፌን የሚቋጥር ከሌለ ምን አደርጋለሁ? ያልተቋጠረ ሲባጎ ሽማግሌ ያልገባበት ጋብቻ ነው፤ ሲነኩት ይፈታል። ቋጣሪው ይምጣ!»

ሲባጎው ድርቆሽ አላስርም አለ፤ ድርቆሹ በረት አልገባም አለ፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም አለች፤ እንቦሳውም እንቧ አለ።

ቋጣሪው ከማሽኑ ጀርባ የተሰቀለ፣ እንደ ወፍ አፍ የተቆለመመ ብረት ነው። ሲባጎውን ይዞ፣ ጠምዝዞ፣ ቋጥሮ የሚቆርጠው እሱ ነው። ዘነበች ቀና ብላ ለመነችው።

«ቋጣሪ ሆይ፣ ሲባጎውን ቋጥርልኝ። ሲባጎው ድርቆሽ አላስርም ብሏል፤ ድርቆሹ በረት አልገባም ብሏል፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም ብላለች፤ እንቦሳውም እንቧ ይላል።»

«አልቋጥርም!» አለ ቋጣሪው። «እኔ ጣት ነኝ፣ ራስ አይደለሁም። ጣት ራስ ሳያዘው ከተንቀሳቀሰ ምን ይባላል? ሌባ ይባላል! እኔ ደግሞ ከጨዋ ፋብሪካ ነው የወጣሁት። ስክሪኑ ይዘዘኝ!»

ቋጣሪው ሲባጎ አልቋጥርም አለ፤ ሲባጎው ድርቆሽ አላስርም አለ፤ ድርቆሹ በረት አልገባም አለ፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም አለች፤ እንቦሳውም እንቧ አለ።

ዘነበች የትራክተሩን መወጣጫ ረግጣ በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ ተመለከተች። ስክሪኑ ቀይ ለብሶ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

«ስክሪን ሆይ፣ ቋጣሪውን እዘዝልኝ። ቋጣሪው ሲባጎ አልቋጥርም ብሏል፤ ሲባጎው ድርቆሽ አላስርም ብሏል፤ ድርቆሹ በረት አልገባም ብሏል፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም ብላለች፤ እንቦሳውም እንቧ ይላል።»

«አላዝም!» አለ ስክሪኑ። «ትናንት ያሰርኩት ጭድ ነው። ጭድ አንሸራታች ስለሆነ አጥብቄ እጨምቀዋለሁ። ዛሬ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ይከብዳል፣ ይሳሳባል። እንደ ጭድ ብጨምቀው ሲባጎ ይበጠሳል፤ ተበጥሶም አይቻለሁ። ጭድ ነው ወይስ ድርቆሽ? ብዬ ብዬ ደከመኝ። የሚመልስልኝ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ይንገረኝ! እስከዚያ ጢጥ እላለሁ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ቃል ነው የጎደለው። ዘነበች ቃሉን ታውቀዋለች፤ የት ቦታ ተነክቶ እንደሚነገርም ታውቃለች። የቀራት መቀመጥ ብቻ ነው።

«ወንበር ሆይ፣ አስቀምጠኝ» አለች።

«እኔ መች ጠላሁ፣ እህቴ!» አለ ወንበሩ ታፍኖ። «ግን ሁለት ሰው አልሸከምም! በላዬ ያለውን አታይም? እንደ ተቀመጠብኝ አለ። መተንፈስ አቅቶኛል። እሱ ይነሣ፣ አንቺን እሸከማለሁ።»

በላዩ ያሉት ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር። ጋሽ ማንደፍሮ ክፉ ሰው አይደሉም። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ሊቀ መንበር ተብለው የተመረጡ ዕለት ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። መንበር ከተባለ የወንበር ሁሉ አለቃ እኔ ነኝ አሉ። ስብሰባ ላይ ከወንበራቸው የሚነሡት ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት አግዳሚው የእሳቸው ነው። ሠርግ ቤት አንድ ጊዜ የሙሽራውን ወንበር ይዘው ሚዜዎቹ በልመና ነው ያስነሧቸው። ትራክተር መንዳት ያውቃሉ። ስክሪኑን ግን እንደ እባብ ይፈሩታል፤ ጢጥ ባለ ቁጥር እግራቸውን ይሰበስባሉ።

«ጋሽ ማንደፍሮ» አለች ዘነበች፣ ከትንኝ ባነሰ ድምፅ፣ «አንድ ጊዜ ቢነሡልኝ…»

«ምን አልሽ? ዩኒቨርሲቲ መናገር አያስተምሩም እንዴ? ጮክ በይ!»

«ስክሪኑ ጭድ መስሎት ነው። ድርቆሽ መሆኑን ልንገረው።»

«ልንገረው? ወሬ አማረው እንዴ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «ባለሙያው ይመጣል።»

«መቼ?»

«ሲመጣ ነዋ!»

ከታች መንሹን ተደግፎ የቆመው ድርቆሽ ጫኝ፣ ሸጋው የሚባለው ወጣት፣ ሣቀ። ሸጋው ሥራ ከሌለው ምላሱ ሥራ አያጣም። «ጋሼ፣ ባለሙያው እስኪመጣ ድርቆሹ እንደገና ይበቅላል» አለ። «ፀሐይ፣ ተዪያቸው ይልቅ። ማንደፍሮን ማን ደፍሮ ያስነሣል?»

«አንተ መንሽህን ያዝ፣ ምላስህን ለምሳ አቆየው!» ብለው ጋሽ ማንደፍሮ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ስሚኝ ልጄ፣ ክፋት አይደለም። ያን ደመና አየሽው? ከማለዳ ጀምሮ አፍጥጦብናል። ያንቺን ስም የያዘ ሰው ማሽን ላይ አውጥቼ ዝናብ ቢመጣ፣ አገሩ ምን ይለኛል? ዓመቱን ሙሉ ከብቱ ምን ይበላል? አልነሣም! ደመናው ይሂድ፣ ያኔ እነሣለሁ።»

«እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ከበረቱ በኩል እንቧ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከቅድሙ ያነሰ፣ ከቅድሙ የቀጠነ። «እሺ» የሚለው ቃል ጥርሷ ላይ ቆመ፤ አልወጣም።

ጋሽ ማንደፍሮ ከወንበር አልነሣም አሉ፤ ወንበሩ ሁለት አልሸከምም አለ፤ ስክሪኑ ቋጣሪ አላዝም አለ፤ ቋጣሪው ሲባጎ አልቋጥርም አለ፤ ሲባጎው ድርቆሽ አላስርም አለ፤ ድርቆሹ በረት አልገባም አለ፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም አለች፤ እንቦሳውም እንቧ አለ።

ዘነበች ከመወጣጫው ወረደች። በሜዳው ዳር ወዳለችው ጉብታ ሄደች።

«ወዴት ናት?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«ደመናውን ልታናግር ነው መሰለኝ» አለ ሸጋው። «እርስዎን ከማናገር ይሻላል ብላ።»

ጉብታው ጫፍ ላይ ወጥታ ቀና አለች። ደመናው ዝቅ ብሏል፤ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱን አንዠርግጎ።

«ደመና ሆይ፣ እባክህ ሂድልን» አለች። «ጋሽ ማንደፍሮ ከወንበር አልነሣም ብለዋል፤ ወንበሩ ሁለት አልሸከምም ብሏል፤ ስክሪኑ ቋጣሪ አላዝም ብሏል፤ ቋጣሪው ሲባጎ አልቋጥርም ብሏል፤ ሲባጎው ድርቆሽ አላስርም ብሏል፤ ድርቆሹ በረት አልገባም ብሏል፤ ላሚቱ ወተት አልሰጥም ብላለች፤ እንቦሳውም እንቧ ይላል።»

«አልሄድም!» አለ ደመናው፣ እንደ ሌሎቹ። «ማን ነሽ ደግሞ አንቺ?»

«ፀሐይ» አለች፣ እንደ ለመደችው።

ደመናው ሣቀ። ሲሥቅ ሆዱ ጠቆረ።

«አገኘሁሽ!» አለ። «እኔማ መንገደኛ ነበርኩ፤ ቆላ ልወርድ ነበር የወጣሁት። እዚህ ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይዬ ሲል ሰምቼ ቆምኩ። የደመና ሥራ ምንድን ነው? ፀሐይን መሸፈን አይደለም? እስክሸፍንሽ ንቅንቅ አልልም!»

ዘነበች በድንጋጤ ቆመች። ድንጋጤው ግን ብዙ አልቆየም፤ ንዴት መጥቶ ገፈተረው። ይህን ሁሉ ዓመት ዝናቡን ለማታለል ስሟን ሲቀሟት ኖሩ። የቀሟት ስም አይደለም ዝናብ የሚጠራው፣ የሰጧት ነው! እሷ ደግሞ በየዓመቱ አቤት፣ አቤት ስትል ደመናውን በገዛ አፏ ስታቆም ኖረች።

«ፀሐይ አይደለሁም!» አለች።

«ታዲያ ማን ነሽ?»

ከታች ሸጋው መንሹን ለቀቀ። በረቱ በር ላይ የነበሩት እትዬ አጸደ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጋሽ ማንደፍሮ ከወንበራቸው ሆነው «እንዳትዪው! በማርያም፣ እንዳትዪው!» እያሉ መስታወቱን ደበደቡ።

«ዘነበች!» አለች።

ድምፅዋ ቀጭን ወጣ። ደገመችው።

«ዘነበች እባላለሁ! በኅዳርም ዘነበች፣ በሐምሌም ዘነበች! ዘነበች!»

ሜዳው ሰማ። ጉብታው ተቀብሎ መለሰው፤ «ነበች… ነበች…» አለ።

«አፈር በላን!» ብለው ጋሽ ማንደፍሮ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ወረዱ። ጋቢያቸውን ገፈው ድርቆሹ ላይ ዘረጉ። ያ ሁሉ ሜዳ፣ አንድ ጋቢ። ከዚህ ጫፍ ሲከድኑ በዚያ ይገለጣል፣ ወደዚያ ሲሮጡ በዚህ ይገለጣል። በላዩ ላይ ተቀምጠው ላለመነሣት የማሉት ወንበር ፉፍፍ ብሎ ተነፈሰ።

ሰማይ ላይ ግን ደመናው ግራ ገብቶታል።

«ዘነበች?» አለ። «የቷ ናት የዘነበችው? እኔ እዚህ ቆሜ ሳለሁ ሌላ ደመና ቀድማኝ ዘነበች? መቼ? ከዘነበችማ እኔ ምን ልሠራ ቆምኩ! በሌላ ደመና ሜዳ ላይ ማልቀስ ለኔ ነውር ነው።» ሆዱን ሰብስቦ፣ እያጉረመረመ፣ ወደ ቆላው መንገዱን ቀጠለ።

ዘነበች ከጉብታው ወርዳ ሮጠች። መወጣጫውን ረገጠች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ገና ሞተሩን ሳታስነሣ ጋሽ ማንደፍሮ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጥተው ከትራክተሩ ፊት ቆሙ፤ እጃቸውን እንደ መስቀል ዘርግተው።

«ውረጂ!»

ዘነበች በመስታወቱ አየቻቸው።

«እምቢ» አለች።

ምንም አልተሰበረም። ሰማዩ አልተሰነጠቀም፤ መሬት አፏን አልከፈተችም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ቃል ነበር።

«ምን? ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«እምቢ አልኩዎት፣ ጋሼ። አሁን ከፊቴ ዞር ይበሉልኝ፤ ማሽኑ ሰው አይለይም።»

ጋሽ ማንደፍሮ ሰማዩን አዩ። ልጅቷን አዩ። ወንበሩን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ሳይሆን ራሳቸው ሌላ ጉዳይ እንዳላቸው ሰው፣ ዞር አሉ።

«ጭድ ነው ወይስ ድርቆሽ?» አለ ስክሪኑ።

«ድርቆሽ ነው» ብላ ነካችው።

«ይህን ለማለት ነው ይሄ ሁሉ?» አለና ቀዩን አውልቆ አረንጓዴ ለበሰ።

ያን ጊዜ ደመናው ሜዳውን ለቀቀ፤ ጋሽ ማንደፍሮ ወንበሩን ለቀቁ፤ ወንበሩ ዘነበችን ተሸከመ፤ ዘነበች ለስክሪኑ ነገረች፤ ስክሪኑ ቋጣሪውን አዘዘ፤ ቋጣሪው ሲባጎውን ቋጠረ፤ ሲባጎው ድርቆሹን አሰረ፤ ድርቆሹ በጋሪ ሆኖ በረት ገባ፤ ላሚቱ በላች፣ አመነዠከች፣ ወተት ሰጠች፤ እንቦሳውም ጭራውን እያወዛወዘ ጠባ። እንቧ የሚል ጠፋ።

ማሽኑ መስመር በመስመር እየዋጠ፣ ሣጥን በሣጥን እየጣለ ዋለ። ሸጋው እየሸከፈ ጋሪው ላይ ይጭናል፣ እየጫነም ይጮሃል፦ «ለሌላው እንቦሳ እሰሩ ይሉታል፤ አንቺ ግን ድርቆሽ እሰሪ! ኧረ እሰሪው!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ማንደፍሮ ወደ ትራክተሩ መጡ። ጋቢያቸው ላይ ገለባ ተሰክቶበታል።

«በይ እንግዲህ፣ ይሁን» አሉ። «ነገ የማዶውን ሜዳ እናስራለን። አንቺ ወንበሩ ላይ ትሆኛለሽ፤ እኔ መወጣጫው ላይ ቆሜ አዛለሁ። ስምሽን ግን እስከ ክምር ድረስ እንተወው። ፀሐይ እንበልሽ፣ እንደ ወጉ። እሺ?»

ዘነበች ሞተሩን አጠፋች። ሜዳው ጸጥ አለ። እጇ ላይ የሲባጎ ብናኝ ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ጋሽ ማንደፍሮ «እሺ» የሚለውን ቃል እየጠበቁ ቆመዋል፤ ይህን ያህል ዓመት አንድም ቀን ቀርቶባቸው ስለማያውቅ ዛሬም ይመጣል ብለው።

«ደህና ይደሩ፣ ጋሽ ማንደፍሮ» ብላ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ወደ ቤቷ ስትወጣ ወሰነች። ነገ ጤዛው እንደ ረገፈ ትራክተሩን አስነሥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ማዶ ትሻገራለች። ያንንም ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም ሜዳ ሁሉ፣ መጀመሪያ ዳሩ ላይ ቆማ ስሟን ጮክ ብላ ሳትጠራ አንድ እስር እንኳን አታስርም።